«ድሮም የተተከለች ናት»፦ ከደሴ ለደረሰኝ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላከችልኝ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት የምታስተምር እህት ናት። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ በሻይ ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ አሜሪካዊቷ የቀድሞ የምክር ቤት አባል ስለ ማርጆሪ ቴይለር ግሪን ክርክር ተነሣ። ለትራምፕ ሌት ተቀን ስትሟገት የኖረች ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት ከሃዲ ተባለች? አንዱ ባልደረባዬ ‹በገንዘብ ተገዝታ ነው› አለ። ሌላው ‹ድሮም የተተከለች ናት› አለ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም፤ ተማሪዎቼም እየጠየቁኝ ነው። ነገሩ ምንድን ነው? እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድስ አለ ወይ? ይቅርታ ጠየቀች ሲባልም ሰምተናል፣ እንመናት?»

እህቴ፣ ከባልደረቦችሽ መልስ ልጀምር። «ተገዝታ ነው» እና «የተተከለች ናት» የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚሉት፣ ዓይናችሁ የሚያየው እውነቱ አይደለም፣ ከጀርባ ሌላ እጅ አለ ነው። ሁለቱም ሴትዮዋ ምን እንደተናገሩ፣ መቼ እንደተናገሩ፣ በየትኛው ጉዳይ ድምፅ እንደሰጡ አልጠየቁም። ይህን አስተሳሰብ የሴራ ትንተና እንለዋለን። ግሪንን ወደ ሥልጣን ያወጣቸውም፣ ከሃዲ አስብሎ ያወረዳቸውም ይኸው ነው። አሁን ደግሞ ደሴ ድረስ መጥቶ የውድቀታቸው ማብራሪያ ሆነ። ባልደረቦችሽን አልወቅስም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልን ያደግን፣ ከሰሙ ሥር ወርቅ መፈለግን እንደ ጥበብ የተማርን ሰዎች ነን። መጠርጠር ክፉ ነገር አይደለም። ክፉ የሚሆነው ጥርጣሬው ምንም ዓይነት ማስረጃ የማያስቆመው ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ግሪን በእ.ኤ.አ. 2020 ከጆርጂያ ግዛት 14ኛው የምርጫ ክልል ሲመረጡ በፖለቲካ ውስጥ አዲስ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ያስጠሩት ቀደም ሲል በፌስቡክ በጻፏቸውና በደገፏቸው ነገሮች ነው። በ2018 የካሊፎርኒያን ሰደድ እሳት ከሕዋ የተላከ ጨረር አስነሥቶት ይሆናል የሚል ነገር ጽፈዋል። በትምህርት ቤት የተገደሉ ልጆች ጉዳይ የተቀነባበረ ድራማ ነው የሚሉ አስተያየቶችንም ደግፈዋል። ከሁሉ በላይ ግን የ«ኪውአኖን» አማኝ ነበሩ። ይህ በ2017 ጥቅምት ወር «ኪው» በሚል ፊደል ብቻ የሚፈርም ማንነቱ ያልታወቀ ጸሐፊ ኢንተርኔት ላይ የጀመረው ወሬ ነው። እንደ ወሬው አሜሪካን በስውር የሚገዙት ሕፃናትን የሚደፍሩ ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው፤ ትራምፕ በድብቅ እየተዋጓቸው ነው፤ በቅርቡም ሁሉም በአንድ ቀን ይታሰራሉ። የመጀመሪያው መልእክት ሒላሪ ክሊንተን በቀናት ውስጥ እንደሚያዙ ተናግሮ ነበር። ቀኑ አለፈ፣ ማንም አልታሰረም። አማኞቹ ግን አልተበተኑም፤ ያልተፈጸመው ትንቢት አዲስ ፍቺ ተሰጠው። ይህን ለተማሪዎችሽ አስረግጠሽ ንገሪልኝ። ትንቢቱ በከሸፈ ቁጥር የሚጠነክር እምነት ከውጭ በሚመጣ እውነት አይፈርስም።

የካቲት 4 ቀን 2021 (በእነርሱ አቆጣጠር) የተወካዮች ምክር ቤቱ በ230 ለ199 ድምፅ ግሪንን ከኮሚቴዎቻቸው አስወጣ። በዚያ ቀን ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ስለ ጻፏቸው ነገሮች የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ቅጣቱ ግን አልጎዳቸውም። በትራምፕ ንቅናቄ ዘንድ በጠላት መቀጣት ሽልማት ነውና ስማቸው ገነነ፣ የድጋፍ ገንዘብም ጎረፈላቸው።

መቃቃሩ በ2025 ነው የመጣው። መጀመሪያ የታዩት ማንኛውም ፖለቲከኛ ከፓርቲው ጋር ሊለያይባቸው የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። በሰኔ አሜሪካ ኢራንን መደብደቧን ተቃወሙ። በሐምሌ ጋዛ ውስጥ የሚሆነውን «የዘር ማጥፋት» ብለው ጠሩት፤ ከሪፐብሊካን የምክር ቤት አባላት ይህን ቃል በአደባባይ የተናገሩ የመጀመሪያዋ ናቸው። በጥቅምት መንግሥት በበጀት ውዝግብ ተዘግቶ ሳለ ደግሞ ፓርቲያቸው ለጤና መድን ድጎማ መፍትሔ የለውም ብለው ተቹ። በዚህ ሁሉ ቁጣ ነበረ፣ መለያየት ግን አልነበረም።

የለያያቸው የጄፍሪ ኤፕስቲን ፋይል ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢኝ፤ ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ጋ ነው።

ኤፕስቲን ልጃገረዶችን በወሲብ የበዘበዘ ሀብታም ነበር። ይህ ወሬ አይደለም። በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ቀላል ቅጣት ተቀበለ፤ ከዐቃቤ ሕግ ጋር የተደረገው ስምምነት ከተበዳዮቹ ተደብቆ እንደነበርና ይህም ሕግ መጣስ እንደነበር አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2019 ወስነዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ እንደገና ተያዘ፣ ነሐሴ 10 ቀን ኒው ዮርክ እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ የአስከሬን ምርመራው ራሱን አጥፍቷል አለ። ተባባሪው ጊሌን ማክስዌል በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብላ በ2022 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደባት። እንግዲህ ከኪውአኖን ተረት ጎን ለጎን አንድ እውነተኛ ወንጀል፣ አንድ እውነተኛ መሸፋፈን ነበረ ማለት ነው። የትራምፕ ደጋፊዎች ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተው ለዓመታት ጠበቁ፤ የእኛ ሰው ሥልጣን ሲይዝ የደንበኞቹ ስም ዝርዝር ይወጣል ብለው። በየካቲት 2025 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ፓም ቦንዲ ስለ ዝርዝሩ ሲጠየቁ ለመገምገም «አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አሉ። በሐምሌ ግን የፍትሕ ሚኒስቴሩና የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ባወጡት ማስታወሻ የደንበኞች ዝርዝር አላገኘንም አሉ። ደጋፊዎቹ ሲቆጡ ትራምፕ ነገሩን ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው አሉት፣ የዝርዝሩን ወሬ የሚያምኑትንም «የቀድሞ ደጋፊዎቼ» ብለው ጻፉ።

«የቀድሞ» የሚለውን ቃል አስተውይ። ትናንት ማታ ደጋፊ ሆኖ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ የቀድሞ ሆነ። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው መሪው ነው።

ግሪን ካሉበት ካልተንቀሳቀሱት አንዷ ነበሩ። ፋይሉ እንዲወጣ የምክር ቤት አባላቱ ቶማስ ማሲና ሮ ካና ባዘጋጁት የድምፅ ማስገደጃ ማመልከቻ ላይ ከፈረሙት አራት ሪፐብሊካኖች አንዷ ሆኑ። የተበዳዮቹን ሴቶች ቃል አብረው ቆመው ሰሙ። ኅዳር 14 ቀን ትራምፕ ድጋፋቸውን ከግሪን ላይ አነሡ፤ ቀጥሎም «ከሃዲ» የሚለውን ቃል ከስማቸው መካከል አስገብተው ይጠሯቸው ጀመር። ግሪን ማስፈራሪያ እየደረሰባቸው እንደሆነ ተናገሩ። ኅዳር 16 ቀን ትራምፕ አቋማቸውን ለውጠው የፓርቲያቸው አባላት ፋይሉን ለሚያስወጣው ሕግ ድምፅ እንዲሰጡ ጠየቁ። ኅዳር 18 ቀን ሕጉ በ427 ለ1 ድምፅ አለፈ፣ በማግስቱ ትራምፕ ራሳቸው ፈረሙበት። ከዚያ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 21፣ ግሪን ከጥር 5 ቀን 2026 ጀምሮ ወንበራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

እስኪ እነዚህን ቀኖች ደርድሪና እይ። ከሃዲ ያሰኛቸው አቋም በአራት ቀን ውስጥ የምክር ቤቱ ሁሉ አቋም ሆነ፤ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። «ከሃዲ» የሚለው ስም ግን አልተነሣላቸውም። የጠቡ መነሻ የአቋም ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በኅዳር 18 ቀን ያበቃ ነበር። ባልደረባሽ «ተገዝታ ነው» ሲል ይህን የቀን ቅደም ተከተል መመለስ አለበት። ከ427 ሰው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ለመስጠት ማን ገንዘብ ይከፍላል?

ታዲያ ለምን አላበቃም? ስለ ፓርቲዎችና ስለ ንቅናቄዎች ለብዙ ዓመታት ሳስተምር የደረስኩበትን ልንገርሽ። ተራ ፓርቲ ውስጥ የሐሳብ ልዩነት የሚያርፍባቸው ብዙ ክፍሎች አሉ። በኮሚቴ ትከራከሪያለሽ፣ በጉባኤ ትሸነፊያለሽ፣ ድምፀ ተአቅቦ ታደርጊያለሽ፣ አኩርፈሽ ትቀመጪያለሽ፣ ኋላም ትታረቂያለሽ። ሕዝበኛ የምንለው ንቅናቄ ግን ዓለምን ለሁለት ይከፍላል፤ ንጹሑ ሕዝብና ብልሹዎቹ ልሂቃን። መሪው የሕዝቡ አፍ ነኝ ካለ፣ ከመሪው የተለየ ከሕዝቡ ተለየ። ይህ ብቻውን ከባድ ነው። በላዩ የሴራ ትንተና ሲጨመርበት ደግሞ የተለየው ሰው ዛሬ ተሳሳተ አይባልም፤ ድሮም የእኛ አልነበረም ይባላል።

«ድሮም» የምትለዋ ቃል እጅግ ታሳስበኛለች። አራት ፊደል አትሞላም፣ ግን ያለፈውን ዘመን ሁሉ እንደገና ትጽፋለች። ማይክ ፔንስ አራት ዓመት ሙሉ ታማኝ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ጥር 6 ቀን 2021 የምርጫ ውጤት መሻር ሥልጣኔ አይደለም ባሉ ጊዜ፣ ምክር ቤቱን የወረረው ሕዝብ «ፔንስ ይሰቀል» እያለ ጮኸ። አራቱ ዓመታት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፉ። ከዚያም በፊት በ1950ዎቹ ሮበርት ዌልች የተባለ ሰው፣ የፀረ ኮሚኒስቱ የጆን በርች ማኅበር መሥራች፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሀወር የኮሚኒስቶች ሴራ ተባባሪ ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። አይዘንሀወር ሂትለርን ያሸነፈውን የምዕራብ ግንባር ጦር የመሩ ጄኔራል ናቸው፣ ሪፐብሊካንም ናቸው። ለ«ድሮም» የሚበቃ የአገልግሎት ዘመን የለም።

የቆየ ምሳሌም አለ። በ1826 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ፍሪሜሰን የተባለውን ስውር ማኅበር ምስጢር አወጣለሁ ያለ ዊልያም ሞርጋን የተባለ ሰው ጠፋ። ቁጣው ንቅናቄ ሆነ፣ ንቅናቄው ፓርቲ ሆነ፣ በ1832 ለፕሬዚዳንትነት ዊልያም ዊርትን አቀረበ። ዊርት ግን በወጣትነታቸው ራሳቸው ፍሪሜሰን ነበሩ፤ ያንንም ለጉባኤው በግልጽ ተናገሩ። ያሸነፉት ቨርሞንት የምትባለውን አንዲት ግዛት ብቻ ነው። ፓርቲው ብዙም ሳይቆይ ሟሟ። አባላቱ ግን ከሌሎች ጋር ተቀላቅለው ተራ ፖለቲካ ውስጥ ገቡ፤ ይህን የማነሣው እንዲህ ያለ ንቅናቄ ሁልጊዜ በደም እንደማያልቅ እንድታውቂው ነው።

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅምና» ይላሉ አባቶቻችን። ግሪን ለአምስት ዓመታት ሌሎችን «ከሃዲ» በሚለው ቃል ሲመቱ ኖረዋል። ጉድጓዱ ሲማስ ከቆፋሪዎቹ አንዷ ነበሩ። ይህን የምለው በደረሰባቸው ደስ ብሎኝ አይደለም። ልጆቻቸውን እስከ መንካት የደረሰ ማስፈራሪያ ማንም ላይ ሊደርስ አይገባም። የምለው፣ መሣሪያው ባለቤት እንደሌለው ለማሳየት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልለፍ፣ እኛ ዘንድስ?

ደሴ ለዚህ ሩቅ አይደለችም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ የሸዋ መኳንንት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከአልጋ ሻሩ። በመካከላቸው እውነተኛ ልዩነቶች ነበሩ፤ የሸዋ መኳንንት ሥልጣን መሸርሸር፣ በዓለም ጦርነቱ ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ የማዘንበሉ ነገር፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ግፊት። እነዚህ ሁሉ ሊከራከሩባቸው የሚቻሉ ጉዳዮች ናቸው። ዋናው ክስ ግን «ሰልሟል» የሚል ሆነ። ለምን ይመስልሻል? ፖሊሲ መልስ አለው፤ የልብ ክስ ግን መከላከያ የለውም። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ «ድሮም» ማለት ለፈለገ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገው ነበር? ንጉሡ የወሎን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ እስከ ዛሬ ከተማችሁ ውስጥ አለ። ልጅ ኢያሱ የሕዝበኛ ንቅናቄ መሪ አልነበሩም፣ ግሪንም ልጅ ኢያሱ አይደሉም። የማወዳድረው ሰዎቹን ሳይሆን የክሱን አሠራር ነው።

ቅርቡን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲቃረብ እኔ ያኔም እንደ ዛሬው ኮምቦልቻ ነበርኩ። መብራት ጠፍቷል፣ ስልክ አንድ ጊዜ ይሠራል አንድ ጊዜ አይሠራም፣ በሐረጎ መንገድ ሰው እንደ ጎርፍ ይወርዳል። በሰፈራችን «እገሌ ማታ ማታ በባትሪ ምልክት ይሰጣል» የሚል ወሬ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ማን አየው? በስንት ሰዓት? ወዴት አቅጣጫ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው የለም። ወሬው ግን በማግስቱ የሁለት ሰው ሆኖ አደረ፤ ባትሪ የያዘውና «ማን አየው» ያሉት። ሰውየው የታመመች እናቱን ሌሊት ለማስታመም ነበር ባትሪ የሚያበራው። የቤቱ በር ከእኛ በር ፊት ለፊት ስለሆነ እኔ አውቅ ነበር። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ሦስተኛው ሰው መሆን ፈራሁ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ከሁለቱም ጋር ቡና እጠጣለሁ፣ ያንን ቀን ግን እስከ ዛሬ አንሥተነው አናውቅም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፣ አዎ አለ ነው። የምታውቂበት ምልክትም ይኸው ነው፤ ማስረጃ የጠየቀው ሰው ቀጣዩ ተጠርጣሪ ከሆነ፣ የቆምሽው ክርክር ውስጥ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተማሪዎችሽን «ሴራ የሚባል ነገር የለም» ብለሽ እንዳታስተምሪያቸው። ውሸት ይሆናል፣ እነርሱም ያውቁታል። ሴራ አለ። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ተስኪጊ በተባለ ቦታ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች መድኃኒት እየነፈጉ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው አይተዋል። የኤፕስቲን የ2008 ስምምነትም መሸፋፈን ነበር። ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነው። እነዚህን ያወጣቸው ጋዜጠኛ፣ ሰነድ፣ ዳኛ፣ እንዲሁም ስሟንና ፊቷን ይዛ «እኔን ነው ያደረገኝ» ያለች ሴት ናት። ትንሽ ናቸው፣ ወሰን አላቸው፤ እገሌ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ። የሴራ ትንተናው ደግሞ ሁሉን ያብራራል፣ ማንንም በስሙ ፍርድ ቤት አያቀርብም፣ ማስረጃ ሲጠፋም መጥፋቱን ራሱን ማስረጃ ያደርገዋል። ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፦ «ይህን እምነትህን የሚያስተውህ ምን ቢገኝ ነው?» «ምንም» የሚል ልጅ ካለ አትቆጪው፤ አብረሽው ቁጭ ብለሽ ጥያቄውን እንደገና ጠይቂው።

የቀረው ይቅርታው ነው። የሰው ልብ ማየት አልችልም፣ አንቺም አትችይም፤ ቅድም የልብ ክስ መከላከያ የለውም ያልኩት ለይቅርታም ይሠራልና «ከልቧ ነው» ወይም «ለማስመሰል ነው» ብለን አንፍረድ። የምናየው ንግግሩን ነው። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት የየካቲት 2021 ንግግር እንዲህ ይላል፦ «እውነት ያልሆኑ ነገሮችን እንዳምን ተተውኩ።» ኅዳር 16 ቀን 2025፣ ከሃዲ በተባሉ በሁለተኛው ቀን፣ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ በመርዛማው ፖለቲካ ውስጥ «ስለተሳተፍኩ ይቅርታ» አሉ፤ ለአገራቸውም መጥፎ እንደሆነ ተናገሩ።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፊያቸው። ልጆቹ የአማርኛ ሰዋስው ያውቃሉ፤ በመጀመሪያው ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ፣ በሁለተኛው ደግሞ ማን እንደሆነ ይፈልጉ። አምስቱ ዓመት ምን እንደለወጠ ከዚያ ይነሡ። ባልደረቦችሽንም ጥሪያቸው፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ።